የኩሬ ዓሣን ከጸረ ተባይ ጉዳት ለመጠበቅ ከዕፅዋት የሚዘጋጅ መኖ፦ ለወሎ ዓሣ አርቢዎች

የዓሣ ኩሬ የሚቆፈረው ውኃ ባለበት ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ውኃ ባለበት ሽንኩርትና ቲማቲም አለ። ሽንኩርትና ቲማቲም ባለበት የጀርባ መርጫ አይጠፋም። ከቆቦ እስከ ጊራና፣ ከመርሳ እስከ ተሁለደሬ፣ ከቃሉ እስከ ቦርከና ዳር ያለው አርሶ አደር በአንድ ቦይ ይጠጣል፣ ያጠጣል፣ መርጫውንም ያጥባል። ዓሣ አርቢውም ኩሬውን የሚሞላው ከዚያው ቦይ ነው።

እዚህ የምጽፈው ጓሮ ካለ ነገር፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሽፈራው፣ ከጥቁር አዝሙድና ከእርድ፣ ዓሣው ጉዳቱን እንዲቋቋም የሚረዳ መኖ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፤ ቀሪው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ይህ መኖ የዓሣውን ጉበት ያበረታል እንጂ ኩሬውን አያጸዳም። በየሳምንቱ ጠብ ጠብ እያለ የሚገባውን ትንሽ መርዝ ዓሣው እንዲቋቋም ይረዳዋል። አንድ ቀን መርጫ ኩሬው ውስጥ ከታጠበ ግን የትኛውም ቅጠል አያድነውም።

መርዙ ዓሣው ላይ ምን ያደርጋል?

ገበያ ላይ የሚገኙት ጸረ ተባዮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ማላታይን፣ ዳያዚኖንና ሰሌክሮን የነርቭን መልእክት የሚያቋርጠውን ኢንዛይም ሥራውን እንዳይሠራ ያግዱታል። ጡንቻው ማረፍ ስለማይችል ዓሣው ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን ይስታል። ካራቴና ዴልታሜትሪን ደግሞ ነርቩን ራሱን ከልክ በላይ ያነቃቁታል። እነዚህ ሁለተኞቹ ለሰውና ለከብት ቀለል ይላሉ ስለሚባል ብዙ ሰው አይፈራቸውም። ዓሣ ግን እነሱን ሰባብሮ ለማስወገድ አቅሙ ደካማ ነው። አንዳንድ የዓሣ ዝርያዎችን የሚገድለው መጠን በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

እስቲ እናስላው። 5 በመቶ የሆነ ካራቴ 20 ሚሊ ሊትር ብትወስዱ፣ ውስጡ 1 ግራም መርዝ አለ። 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። ያቺ 20 ሚሊ ሊትር እዚያ ብትደፋ በሊትር 10 ማይክሮግራም ይደርሳል። ከፊሉን ጭቃው እንደሚይዘው እውነት ነው። ቢሆንም ስንት ጠብታ ስንት ኩሬ እንደሚያጠፋ ከዚህ ይታያል።

የማይገድለው መጠንም ቢሆን ዝም ብሎ አያልፍም። ጉበት መርዙን ለመሰባበር ሲታገል ሴልን የሚያቃጥሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይበዛሉ። ዓሣው የራሱ መከላከያ ኢንዛይሞች አሉት፤ መርዙ ሲደጋገም ግን ያልቃሉ። ስንጥቡ (የሚተነፍስበት) ያብጣል። የበሽታ መከላከያ አቅሙ ይወድቃል። አርቢው የሚያየው የማያድግ፣ ትንሽ በትንሽ የሚሞት ዓሣ ነው። ዕፅዋቱ የሚረዱት እዚህ ላይ ነው፤ ውስጣቸው ያሉት ንጥረ ነገሮች ያንን ቃጠሎ ያበርዳሉ፣ የዓሣውን የራሱን ኢንዛይሞችም ያነቃቃሉ። ግብፅ ውስጥ በቆሮሶ (ቲላፒያ) ላይ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሙከራ ተሠርቷል። አብዛኛው የተሠራው በገንዳ ውስጥ፣ በተለካ ትንሽ መርዝ፣ ለሳምንታት ነው። ውጤቱን ወደ ሜዳ ስናመጣ ይህንን አንርሳ።

መጀመሪያ ውኃውን ዝጉ

መኖ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ይህን ካልሠራችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ከኩሬው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ማሳና ኩሬ መካከል ቢያንስ 10 ሜትር ስፋት ያለው የሣር መስመር ይኑር። ቬቲቨር ወይም ዝሆኔ ሣር ይሆናል፤ ዝሆኔው ለከብትም ይተርፋል፤ ግን ርጭት የነካውን ወዲያው አጭዳችሁ አትስጡ። ከመግቢያው ላይ የሚዘጋና የሚከፈት በር አድርጉ። ጣውላ ወይም በአፈር የተሞላ ማዳበሪያ ይበቃል። ጎረቤት በሚረጭበት ሳምንት በሩ ይዘጋ። ከደረቅ ወራት በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ጎርፍ በፍጹም አታስገቡ፤ ማሳው ላይ የከረመውን ሁሉ ጠርጎ የሚመጣው እሱ ነው።

ከጎረቤት ጋር መነጋገር ከቦይ ቁፋሮ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቡና አፍሉና ጥሩት። «አያ፣ ነገ ልትረጭ ስትል ልጁን ላክብኝ፤ በሬን እዘጋለሁ። መርጫውንም ከቦዩ ራቅ አድርገህ እጠብልኝ» በሉት። ዓሣው ሲደርስ ሁለት ሦስቱን ውሰዱለት። ወሎ ውስጥ ይህን ተጠይቆ እምቢ የሚል ጎረቤት ብዙ አይገኝም።

ከጎረቤት አቅም ውጭ የሆነ ርጭትም አለ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦንና አካባቢውን ሲወር የተደረገውን ርጭት ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ከቀበሌ ቀኑን ጠይቁና ትንንሽ ኩሬዎችን በሸራ ሸፍኑ። ሸራው ውኃውን አይንካ፣ በየጎኑም አየር ይግባ፤ ርጭቱ እንዳለፈ አንሱት።

ውኃው አጠራጣሪ ከሆነ ቀላል ፈተና አለ። ከቦዩ አንድ ባልዲ ቅዱና አራት አምስት የዓሣ ጫጩት ጨምሩበት። በሌላ ባልዲ ደግሞ ከኩሬው ውኃ ቀድታችሁ ያንኑ ያህል ጫጩት አድርጉ። ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ ውኃውን አልፎ አልፎ በጣሳ እየቀዳችሁ መልሳችሁ አፍስሱበት፤ አየር ያገኛል። በ24 ሰዓት ውስጥ የቦዩ ጫጩቶች ከተንገዳገዱ ወይም ከሞቱ በሩን አትክፈቱ።

የትኛው ተክል?

አራቱንም ባንድ ላይ አትቀላቅሉ። ሁለት ይበቃል። የኔ ምርጫ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም በወሎ ይገኛሉ፣ ዋጋቸውም ሰው አያስመርርም።

ሽፈራው፦ ቅጠሉ ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ቃጠሎ የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮች አሉት። ለ10 ኪሎ መኖ 300 ግራም ዱቄት በቂ ነው። ብዙ ማድረግ ያጓጓል፣ ግን አታድርጉት። ቅጠሉ ውስጥ ታኒንና ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉ ሲበዛ ዓሣው መብላት ይቀንሳል፣ እድገቱም ይጎተታል። ከደቡብ የመጣውና እኛ ዘንድ የተለመደው ሽፈራው፣ ብዙዎቹ የውጭ ጥናቶች ከተጠቀሙበት ዝርያ እንደሚለይም ልብ በሉ። ስለዚህ ከዝቅተኛው መጠን መጀመር ይሻላል።

ነጭ ሽንኩርት፦ ለ10 ኪሎ መኖ 100 ግራም ዱቄት። የበሽታ መከላከያ አቅምን ያነሳል።

ጥቁር አዝሙድ፦ ጉበትን በመደገፍ ስሙ የተነሳ ነው። ለ10 ኪሎ 100 ግራም፣ ልትቀላቅሉት ስትሉ ብቻ የተወቀጠ። ቀድሞ ተወቅጦ የከረመ ዘይቱ ይበላሻል።

እርድ፦ 50 ግራም። የተፈጨ አትግዙ። ገበያ ላይ ያለ የእርድ ዱቄት ምን እንደተደባለቀበት አይታወቅም፤ ደረቁን ሥር ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ።

አሁን ደግሞ የማይነኩትን ልንገራችሁ። «ተክል ነው፣ አይጎዳም» የሚለው አባባል ዓሣ አርቢን ያከስራል። የብርብራ ፍሬ በአገራችን ከድሮ ጀምሮ ዓሣን አደንዝዞ ለመያዝ የሚያገለግል ነው፤ ኩሬ አጠገብ አይውደቅ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ ከ1950ዎቹ ጀምረው ለዓለም አሳይተዋል፤ ዓሣንም ይገድላል። በእንዶድ የታጠበ ልብስ ውኃ ወደ ኩሬ አይግባ። ኒምና ትምባሆም መኖ ውስጥ አይገቡም። እነዚህ ማሳ ላይ ተባይ የሚከላከሉት መርዝ ስላላቸው ነው።

ቅጠሉንና ሽንኩርቱን ማድረቅ

ሽፈራውን ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ልቀሙት። ርጭት ካለበት ማሳ ዳር ካለ ዛፍ አትልቀሙ፤ መድኃኒቱ ራሱ መርዝ ይዞ ይመጣል። በንጹሕ ውኃ ሁለቴ እጠቡት፣ አራግፉት፣ ሰሌን ላይ ጥላ ሥር በስሱ አስጡት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ አረንጓዴነቱ ይሄዳል፣ ከሱ ጋር ቫይታሚኑም። በቀን ሁለት ሦስቴ አገላብጡት። በእጅ ሲጨበጥ ክሽ ብሎ ከተሰባበረ ደርሷል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል አንድ ኪሎ ገደማ ዱቄት ይወጣዋል። ዘንጉን አውጡ፣ በሙቀጫ ወቅጡ፣ በስስ ወንፊት ንፉ።

ነጭ ሽንኩርት ላይ አንድ ሚስጥር አለ። ኃይሉ የሚወጣው ሲደቀቅ ነው። ልጣጩን ላጡ፣ ውቀጡት፣ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተዉት። ውስጡ ያሉት ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አሊሲን የሚባለውን የሚሠሩት በዚያ ጊዜ ነው። ሳይደቀቅ ከተቀቀለ አሊሲን አይፈጠርም። ከዚያ በስሱ ዘርግታችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። 3 ኪሎ እርጥብ አንድ ኪሎ ገደማ ይሰጣል። መድረቁ የሚያስቸግር ከሆነ እርጥቡን ራሱን መጠቀም ይቻላል፤ በ100 ግራም ዱቄት ፋንታ 300 ግራም የተደቀቀ አድርጉ፣ መኖውን ግን ትንሽ ትንሽ አዘጋጁ፣ ቶሎ ይሻግታልና።

የ10 ኪሎ መኖ አሠራር

4 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 3 ኪሎ የስንዴ ፍሩሽካ፣ 1 ኪሎ ተኩል የዓሣ ዱቄት፣ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 300 ግራም ሽፈራው፣ 100 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ 100 ግራም የኑግ ዘይት። ፕሮቲኑ ወደ 26 በመቶ ይጠጋል፤ ለሚያድግ ቆሮሶ ይበቃዋል። የዓሣ ዱቄቱን ሐይቅ ከተማ ካሉ አስጋሪዎች ጭንቅላትና አጥንት ወስዳችሁ፣ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁና አስፈጭታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ፋጉሎውን አሽትቱት። የሻገተ፣ የጎመዘዘ ሽታ ካለው መልሱት። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚመታው ጉበትን ነው፤ እኛ ልናድነው የምንለፋለትን ያንኑ ጉበት። ማላታይን ዱቄት ተነስንሶበት ጎተራ የከረመ ማሽላም መኖ ውስጥ አይግባ። ይህን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ሰው መርዙን በቦይ ሲጠብቀው በጆንያ ይገባበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የስንዴውን ዱቄት በ3 ሊትር ገደማ ውኃ ቀጠን ያለ ገንፎ አድርጋችሁ አብስሉ። ማያያዣው እሱ ነው። ከእሳት አውርዱትና እጃችሁ ሳይቃጠል የሚችለው ድረስ ይቀዝቅዝ። እስከዚያ ሽፈራውንና ነጭ ሽንኩርቱን ከሁለት ጣሳ ፍሩሽካ ጋር ለብቻ በደንብ ቀላቅሉ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ። 100 ግራም ዱቄት ቀጥታ 10 ኪሎ ውስጥ ከተጣለ አንዱ ጥግ ላይ ይከማቻል፤ ግማሹ ዓሣ ብዙ ይበላል፣ ግማሹ ምንም አያገኝም። ከዚያ ይህን ከቀሪው ደረቅ ጋር አደባልቁ፣ የቀዘቀዘውን ገንፎ ጨምሩ፣ ዘይቱን በመጨረሻ። ሊጥ ሆኖ በእጅ ሲጨበጥ ካልፈሰሰና ካልተሰነጠቀ ልክ ነው። ካስፈለገ ውኃ በጥቂቱ ጨምሩ።

በሥጋ መፍጫ አሳልፉት። እንደ ፓስታ ሆኖ የሚወጣውን ሰሌን ላይ ጥላ ሥር ዘርጉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሲደርቅ በእጅ ሰባብሩት፤ ለትልቅ ዓሣ የሽምብራ ያህል፣ ለጫጩት ደግሞ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣሉ። 10 ደቂቃ ሳይፈርስ ከቆየ ጥሩ ነው። ወዲያው ከፈረሰ በሚቀጥለው ገንፎውን ጨምሩ። በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በወር ውስጥ ተጠቀሙበት።

የተዘጋጀ መኖ የምትገዙ ከሆነ ቀላሉ መንገድ መቀባት ነው። ለ1 ኪሎ መኖ 30 ግራም ሽፈራውና 10 ግራም ነጭ ሽንኩርት ዱቄት በሁለት ሾርባ ማንኪያ ዘይት በጥብጡ፣ መኖው ላይ አፍስሱ፣ እያገላበጣችሁ ቀቡት፣ ለአንድ ሰዓት ይድረቅ።

መቼና ስንት?

ርጭቱ ከተጀመረ በኋላ መሯሯጥ አይጠቅምም። ኢንዛይሞቹ እስኪጠነክሩ ሳምንታት ይፈልጋል። ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ቆቦና ጊራና የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ርጭት ከጥቅምት ወዲህ ስለሚበረታ መኖውን ከመስከረም መጀመሪያ አንስቶ መስጠት ነው። በቆሎ ላይ ተምች ለመከላከል የሚረጭ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከግንቦት። በክረምቱ ለጤፍና ለስንዴ የሚረጨው ቱፎርዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያም አለ፤ ለሱም የግንቦቱ ይደርሳል።

መጠኑን በክብደት አስሉ። 300 ዓሣ በአማካይ 100 ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 30 ኪሎ ነው። 3 በመቶው 900 ግራም፤ የቀን ቀለባቸው ያ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎው ለ11 ቀን ይሄዳል። ለጫጩት ወደ 5 በመቶ ከፍ አድርጉት። ለሁለት ከፍላችሁ ረፋዱ ላይና ከሰዓት ስጡ፣ ውኃው ሲሞቅ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ግማሹን የተለመደ መኖ፣ ግማሹን ይህን፤ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ አዲስ ይሆንባቸዋል። በ20 ደቂቃ ያልጨረሱት መኖ ካለ በሚቀጥለው ቀንሱ።

የሐይቅና የደጋ ቀመስ አካባቢ አርቢዎች ሌላ ነገር ልብ ይበሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ውኃው ይቀዘቅዛል። ከ20 ዲግሪ በታች ቆሮሶ ምግብ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲወርድ ከናካቴው ያቆማል። ያልተበላ መኖ ኩሬውን ያበላሻል። በዚያ ወቅት ብትቀንሱ ምንም አያጎድልባችሁም።

ከሁለት ወር በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ ተራ መኖ መለስ በሉ፣ ከዚያ እንደገና ጀምሩ።

እየሠራ መሆኑን ማወቅ

በየሁለት ሳምንቱ 20 ዓሣ በመረብ አውጥታችሁ መዝኑ፣ መልሱ። ሁለት ኩሬ ያለው ሰው አንዱን በተራ መኖ፣ ሌላውን በዚህ ቢያረባ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። አንድ ኩሬ ያለው በመረብ ሁለት ቦታ ከፍሎ መሞከር ይችላል።

ለምግብ ስታርዱ ሆዱን ከፍታችሁ ጉበቱን እዩ። ጤነኛ ጉበት ቀይ ቡኒ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ስል ነው። ወደ ቢጫ የገረጣ፣ ያበጠ ወይም ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ የሆነ ነገር እየነካው ነው፤ መርዝም ሊሆን ይችላል፣ የሻገተ ፋጉሎም። ስንጥቡም ደማቅ ቀይ እንጂ የገረጣ ወይም ልጋግ የሸፈነው መሆን የለበትም። ይህን በደብተር ከቀኑ ጋር ጻፉት። ከጎኑ ጎረቤት መቼና ምን እንደረጨ ጨምሩበት። የተሁለደሬ ወይም የቆቦ ወረዳ ባለሙያ ሲመጣ ያንን ደብተር ካሳያችሁት ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

አደጋው ቢደርስስ?

መጀመሪያ ለዩት። የኦክስጅን እጥረት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ንጋት ላይ ነው፤ ትልልቆቹ ቀድመው ይሞታሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ወይም ንጹሕ ውኃ ሲገባ የቀሩት ያገግማሉ። መርዝ ሰዓት አይመርጥም። ትንንሾቹ ይቀድማሉ፣ ዓሣው ይሽከረከራል፣ በጎኑ ይዋኛል፣ የውኃ ውስጥ ነፍሳትና እንቁራሪትም አብረው ይሞታሉ።

መርዝ ከመሰላችሁ መግቢያውን ዝጉ። መኖ አቁሙ፣ ይሄኛውንም ጨምሮ። ንጹሕ መሆኑ የታወቀ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ ካለ የኩሬውን ሲሶ አፍስሳችሁ ተኩ። የሚወጣውን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ከብት መጠጫ አትልቀቁ። በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ውኃ ቅዱ፣ ሁለት የሞተ ዓሣ በበረዶ ያዙና ለወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት አድርሱ። ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልና ወሎ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ናቸው፤ ማንን ማግኘት እንዳለባችሁ ከነሱ መጠየቅ ይቻላል።

የሞተውን ዓሣ አትብሉ፣ አትሽጡ፣ ለውሻም አትጣሉ፤ በጥልቅ ቅበሩት። በሕይወት የተረፈውንም ቶሎ አታውጡት። ሽፈራው የበላ ዓሣ ጉበቱ ቢተርፍም ሥጋው ውስጥ መርዝ የለም ማለት አይደለም። አንዳንዱ መርዝ በቀናትና በሳምንታት ይወጣል፤ እንደ ዲዲቲ ያለው ደግሞ ስብ ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ውኃው ተቀይሮ፣ ዓሣው በደንብ መብላት ጀምሮ፣ ባለሙያው የነካው መርዝ ምን እንደሆነ አውቆ ስንት ሳምንት እንደሚያስፈልግ እስኪነግራችሁ ድረስ መረቡ አይግባ።